ባዶው ሰማያዊ ክብ

የልጄን ደብተር ስገልጥ ደሜ ፈላ። «ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ የተፈጥሮ ምግብ ጻፉ» ይላል። ቀዩ ክብ ላይ ቲማቲም፣ ቢጫው ላይ ሙዝ ጽፋለች። ሰማያዊውን ባዶ ትታዋለች፤ አስተማሪዋ ኤክስ አድርጋባታለች።

ይሄን ኤክስ አውቀዋለሁ! በእሷ ዕድሜ ይኸው ጥያቄ ሲሰጠን ሾላ ገበያ አትክልት ወደምትሸጠው አክስቴ ሮጥኩ። እጇ ድንብላል ድንብላል ይሸታል። መደቧን ሙሉ አገላብጣ አጣች። ከእንጦጦ የለቀምኩትን አጋም አሳይቼ «ይሄስ?» ስላት መዳፏ ላይ ጨፈለቀችው፤ መዳፏ ቀላ።

«አየሽ? ላዩ ነው የሚያታልልሽ። ይሄን ሁሉ ዘመን ስሸጥ ሰማያዊ የሚበላ ነገር አላየሁም። የሌለውን አትጻፊ።»

አልጻፍኩም፤ ኤክስ ተደረገብኝ። በማግስቱ አክስቴ ሥራዋን ጥላ ትምህርት ቤት መጣች። አስተማሪያችንን «እስቲ እርስዎ የበሉትን ሰማያዊ ይንገሩኝ!» ብላ አፋጠጠቻቸው። ኤክሱን ግን አላነሱትም።

«እና ምን ልጻፍ?» አለችኝ ልጄ ይሄን ነግሬያት ስጨርስ።

የዚያች ሴት የወንድም ልጅ፣ እኔ፣ «ብሉቤሪ ብለሽ ጻፊ፤ የፈረንጅ ፍሬ ነው» አልኳት።

«ምን ምን ይላል?»

በልቼው አላውቅም።