በሦስት በረት የተከፋፈለ ሀብት

አማከለች ልትፈታው የተነሣችው ችግር ይህ ነበር፤ ከብት አንድ ላይ ይረባል፣ አንድ ላይም ያልቃል። አባቷ በፎገራ ሜዳ የታወቁ ባለ ከብት ነበሩ። ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ በአንድ ዓመት በረታቸውን አራቆተውና ሽማግሌው የሰው ከብት ጠባቂ ሆነው፣ በሰው ደጅ ሞቱ። አማከለችም ባሏ ሞቶ፣ ልጅ ሳይተርፍላት፣ ወረታ አጠገብ ባለች ቁራሽ መሬት ብቻዋን ስትቀር የአባቷ መጨረሻ ከፊቷ አልጠፋ አላት። በእርጅና ዘመኗ የሰው ደጅ እንዳትጠና የሚያደርግ፣ አንድ ክፉ ዓመት ጠራርጎ የማይወስደው ሀብት እንዴት ይሠራል?

መልሱን ያገኘችው ሁሉም በሚያውቀው ልማድ ውስጥ ነው። በዚያ አገር ጊደር ለሌላ ሰው ለርቢ ይሰጣል። አርቢው ያበላል፣ ይጠብቃል፣ ወተቱን ይጠጣል፤ የሚወለደውን ከባለቤቱ ጋር ይካፈላል። አብዛኛው ሰው እንዲህ የሚያደርገው ሣር ሲያጥረው ወይም እረኛ ሲያጣ ነው። አማከለች ግን ልማዱን ዘዴ አደረገችው፤ እንዴት ያለ ደስ የሚል ዘዴ መሰላችሁ! ቀስ ብለን እንየው። በየዓመቱ ጤፏ ሲወቃ፣ ገና ጎተራ ሳይገባ፣ ለጊደር መግዣ የሚሆነውን ለብቻ ታነሣለች። የተረፈው ቢያንስም በተረፈው ትኖራለች እንጂ ያንን አትነካም። ሴት ከብት አትሸጥም። ድርሻዋ ወይፈን ሆኖ ከመጣ ሸጣ በጊደር ትተካለች። ከሁሉ የሚበልጠው ደንቧ ደግሞ ይህ ነው፤ ሁሉንም ለአንድ አካባቢ ሰው አትሰጥም። ከፊሉ ሐሙሲት፣ ከፊሉ አንበሳሜ፣ ከፊሉ በደብረ ታቦር መንገድ ሽቅብ ደጋው ላይ። ሐሙሲትን ጎርፍ ቢመታው ደጋው አለ፤ ደጋውን ውርጭ ቢያደርቀው አንበሳሜ አለ።

ለእህቷ ለጸሐይነሽ ግን ነገሩ አልተዋጠላትም።

«እንደ ንጉሥ በየአገሩ ግምጃ ቤት አለሽ» አለቻት አንድ ቀን ወረታ ገበያ ላይ። «ሲመሽ ግን እርጎ ፍለጋ እኔ ቤት ነሽ!»

«እርጎሽን መስፈር ጀመርሽ እንዴ?»

«እንዴታ! ደግሞስ ስሟን የማታውቂያት ላም ያንቺ ናት? የአርቢው ናት እንጂ።»

«ስሟን ባላውቅ ጆሮዋን አውቃለሁ» አለች አማከለች። እውነቷን ነው፤ የእሷ ከብት ሁሉ ግራ ጆሮው በምላጭ የተተለተለ ነው።

ዓመታት አለፉ። በመስቀል ሰሞን አርቢዎቹን እየዞረች ትጎበኛለች፤ የተወለደውን ታያለች፣ ቅቤዋን ትቀበላለች። ጊደሯ ላም ሆነች፤ ላሟ ጊደር ወለደች። አማከለችም አባቷን በሕልሟ ማየት ተወች።

በ1953 ዓ.ም. የካቲት ላይ፣ የክረምቱ ጎርፍ ትቶት በሄደው እርጥበት ላይ የዘራችውን ሽምብራ ወቅታ ጨርሳ ወደ ጣና ዳር ወረደች። ሜዳው በከብት ተሸፍኗል። ከመካከሉ ግራ ጆሮዋ የተተለተለ ቀይ ላም አየች፤ የሐሙሲቷ ነበረች። ልቧ ሞቅ አለ። ጥቂት እልፍ ስትል ሌላ የተተለተለ ጆሮ አየች፤ የደጋዋ። ከእሷ ጎን የአንበሳሜዋ ያረገዘች ጊደር። ሁሉም ከአንድ ኩሬ ይጠጣሉ።

የአንበሳሜው አርቢ አዛናው ዱላውን ተደግፎ ቆሟል።

«እታለም፣ እንኳን ደኅና መጣሽ! ሀብትሽን ሁሉ ባንድ ዓይን አየሽው።»

«ማን አወረዳቸው?»

«ረሃብ ነዋ! በበጋ እላይ ድንጋይ ይጋጡ? አያቴም እዚሁ ነበር የሚያወርድ።»

ይህን እሷም ታውቃለች። የፎገራ ልጅ ሁሉ ከዳገቱ የሚወርደውን ከብት እያየ ያድጋል። ስሕተቷ የተደበቀው እዚህ ላይ ነው። ያራራቀችው በረቶቹን ነበር፤ ከብቱ ግን በረቱ ውስጥ የሚከርመው በክረምት ነው። አርቢዎቹን የምትጎበኘው በመስቀል ስለሆነ ሁልጊዜ ተራርቀው አየቻቸው። በጋ በገባ ቁጥር ሦስቱ በረቶች አንድ መንጋ ይሆኑ ነበር። የምታውቀውን ነገር ከዘዴዋ ጋር አላገናኘችውም።

«ያቺ ምን ሆና ነው?» አለች በድንገት።

ከኩሬው ማዶ አንዲት የሰው ላም አንገቷን ዘርግታ ቆማለች። ዓይኗ ያነባል፤ ከአፏ ልጋግ ይንጠባጠባል፤ የአባቷን ከብት የፈጀው ደስታም የጀመረው እንዲህ ነበር። አጠገቧ ያሉት ግን እየተጋፉ ይጠጣሉ።

አዛናው ከዚያ ወዲያ አልቀለደም። «ትናንትም እንዲሁ ነበረች» አለ። «ከጉማራ ወንዝ ማዶ የወደቁ ከብቶች አሉ ይባላል። ወሬ ነው የሚሉም አሉ።»

«ያረገዘችውን ጊደር ዛሬውኑ ይዘን እንውጣ፣ ወንድምዓለም።»

«ምን ልትበላ?»

«የሽምብራና የጓያ ገለባዬን እሰጥሃለሁ። ለሁሉም አይበቃም፤ ለአንዷ ይበቃል።»

«ሌሎቹስ?»

አማከለች ወደ ሌሎቹ አልዞረችም። «ከመንጋህ ባዶ የቀረው በረትህ ውስጥ እናስራታለን። ውኃዋንም ከምንጭ እየቀዳሁ አጠጣታለሁ። ከሌላ ከብት ጋር ትንፋሽ እንዳትጋራ።»

«ከዚህ ኩሬ ከጠጣችስ ሰነበተች፣ እታለም።»

አማከለች ገመዱን በጊደሯ አንገት አስገብታ ከኩሬው ሳበቻት።

ሰው ሀብቱን ሲከፋፍል ቦታን ብቻ ሳይሆን ሣሩንም፣ ውኃውንም፣ ወቅቱንም መለየት እንዳለበት የገባት ያን ቀን ነው። አሁን ያንን ለማድረግ የምትሞክረው በአንዲት ጊደር ነው። የተዋሰችው አህያ ገለባውን ተጭኖ ከፊት ይሄዳል። አዛናው ከኋላ ይነዳል። አማከለች ገመዱን ይዛ ወደ አንበሳሜ የሚያወጣውን ዳገት ጀምራለች። ከታች መንጋው በጮኸ ቁጥር ጊደሯ እየቆመች ወደ ሜዳው ትዞራለች። አማከለችም ገመዱን እየሳበች፣ የጊደሯ ዓይን ማንባት መጀመር አለመጀመሩን ጎንበስ ብላ ታያለች።