አማርኛ ለመጻፍ ያስፈለገኝ እንግሊዝኛ

ባለፈው እሑድ ልጄ ሂክማ ከቱርክ ደወለች። እዚያ ዩኒቨርሲቲ ከገባች ገና መንፈቅ አልሞላትም። የገዛችው ላፕቶፕ ላይ ያለው የቢሮ ፕሮግራም፣ ጽሑፍ የሚጻፍበትና ሠንጠረዥ የሚሠራበት ማለቴ ነው፣ ሁለመናው በቱርክኛ ሆኖባታል። ትምህርቷ ግን በእንግሊዝኛ ነው። አንዲት ጓደኛዋ የተቀዳ የእንግሊዝኛ ፕሮግራም ስላላት በነጻ ልትጭንልኝ ነው አለችኝ። የተቀዳ ማለት የተሰረቀ ማለት እንደሆነ ነገርኋት። ይልቅ እፊቷ ያለውን ከላይ እስከ ታች አንብባ እንድትጨርስ አዘዝኋት።

"ቱርክኛ አላውቅማ፣ አባዬ" አለች።

"ፊደሉን ታውቂው የለም?" አልኋት።

ዝም አለች። የልጆቼን ዝምታ አውቀዋለሁ፤ "ደግሞ ጀመረው" ማለታቸው ነው። እኔ ልጆቼን ያሳደግሁት በምክር ብዛት ነው፤ ሲሰለቻቸውም አያለሁ፤ አልተውሁም። ስልኩን ዘግቼ በረንዳ ላይ ወጣሁ። ዝናቡ አብቅቶ የቆቦ ሜዳ በማሽላ ተሸፍኗል። ከማዶ የዞብል ተራራ ጥርት ብሎ ይታያል። በመንገዱ ዳር ሴቶች ጥንቅሽ በእቅፍ በእቅፍ አስረው ይሸጣሉ። የጥንቅሽ ወራት ሲመጣ ድሮም ሆዴ ይባባል። በሕይወቴ አንድ ዓመት ሙሉ በማሽላ ቀጠሮ ተይዤ አውቃለሁና።

ያኔ ወጣት ነበርሁ። ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርት አቋርጬ፣ እንደ ብዙው የአገሬ ልጅ ጅዳ ገብቼ እሠራ ነበር። ለዕረፍት የመጣሁ ጊዜ ዘሀራን አየኋት። ቀድሞም አውቃት ነበር፤ ግን ማወቅና ማየት ይለያያል። አባቷ ጋሽ ይማም የታወቁ የእህል ነጋዴ ነበሩ። ቀልድ የማያውቁ፣ ሚዛናቸውን ገዢው ፊት ሦስት ጊዜ የሚፈትሹ ሰው ናቸው። ሽማግሌ ላክሁ። ሽማግሌዎቹን በደንብ አብልተው ሸኙና እኔን ብቻዬን አስጠሩኝ። እህል ማከማቻቸው ውስጥ ጆንያ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። የአዲስ ማሽላ ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። ተቀመጥ አላሉኝም።

"ልጄን ለስልክ አልድርም" አሉኝ። "አንተ እዚያ፣ እሷ እዚህ፣ ዓመት እስከ ዓመት ሃሎ ሃሎ። እዚሁ ቆቦ ተቀምጦ የሚሠራ ሙያ ይዘህ ና። የሚመጣው ማሽላ እስኪታጨድ እጠብቅሃለሁ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ጠያቂ ቢመጣ በሬን አልዘጋም።"

"ምን ዓይነት ሙያ፣ ጋሼ?" አልኋቸው።

"እሱን እኔ ከነገርሁህ ምኑን ሙያ ሆነ?"

ያን ጊዜ በጣም ተናድጄባቸው ነበር። ዛሬ ሴት ልጅ አሳድጌ ሳየው፣ ያሉት ሁሉ ልክ ነበር።

ጅዳ የምሠራው የመኪና ጎማ መጋዘን ውስጥ ነው። ስገባ ተሸካሚ ነበርሁ። ኋላ አሠሪዬ የዐረብኛ ፊደል ማንበቤን ሲሰማ ገቢና ወጪውን ኮምፒዩተር ላይ እንድመዘግብ አስቀመጠኝ። ያስተማረኝ የለም። ሂሳብ ሠራተኛው ሬናቶ የሚባል ፊሊፒናዊ ነበር። ዐረብኛ ማንበብ ስለማይችል የሚሠራው በምልክት ነው፤ ሥዕሎቹንና ቦታቸውን በቃሉ ይዟል። እኔም አጠገቡ ሆኜ እጁን እያየሁ ለመድሁ። ፕሮግራሙ ሁሉ ነገሩ ከቀኝ ነው የሚጀምረው፤ ሠንጠረዡም፣ ዝርዝሩም፤ የሚዘጋበት ምልክት ብቻ በግራ ነው። እኔ ሌላ አላየሁምና የዓለም ኮምፒዩተር ሁሉ እንዲያ ይመስለኝ ነበር።

ከዕረፍት ስመለስ፣ አውሮፕላን ላይ ሆኜ፣ የጋሽ ይማም ጥያቄ መልሱ መጣልኝ። ቆቦ ውስጥ ማመልከቻ በኮምፒዩተር ማስጻፍ የፈለገ ሰው ወልድያ ድረስ ይሄድ ነበር። ገበሬው አንድ ገጽ ለማስጻፍ የቀን ሥራውን ትቶ አውቶቡስ ይሳፈራል። አንድ ኮምፒዩተርና አንድ ማተሚያ ያለው ሰው፣ ለዚያውም ያላጣመመ አማርኛ የሚጽፍ፣ ቆቦ ላይ ቁጭ ብሎ ይኖራል።

አሠሪዬ በዚያው ሰሞን ለቢሮው አዳዲስ ማሽኖች አስገባ። ውሌ ሲያልቅ እንደማልመለስ ነግሬው ስለነበር፣ ለስንብት አሮጌውን ከነካርቶኑ፣ ከነዋናው ፕሮግራም ሳጥኑ ሰጠኝ። የአማርኛ መጻፊያውን ደግሞ ከአዲስ አበባ በሰው እጅ አስመጣሁ። የመጣልኝ ቀን ጫንሁት። ከዚያም የመጀመሪያዋን ቃል ጻፍሁ። የወጣው ባዶ ሳጥን ነው፤ ከቀኝ ወደ ግራ የተደረደረ ባዶ ሳጥን። ደጋግሜ ሞከርሁ፤ ያው ነው። አብሮት የመጣውን ወረቀት በመዝገበ ቃላት እየታገዝሁ ሳነብ፣ ይህ መጻፊያ የሚሠራው ከእንግሊዝኛው የቢሮ ፕሮግራም ጋር ብቻ ነው ይላል።

ሰው በገዛ ቋንቋው ለመጻፍ የሌላ ሰው ቋንቋ እንዲያስፈልገው ማን አደረገው ብዬ በጣም ተበሳጨሁ። መበሳጨት ግን አይጽፍም። ኮምፒዩተር የሚሸጥበትን ሰፈር በዚያ ሙቀት ዞርሁት። የቆቦ ሙቀት ያሳደገኝ ሰው ነኝ፤ የጅዳው ግን እርጥበት አለበት፤ ሸሚዝ ገላ ላይ ይለጠፋል። በየሱቁ ያለው የዐረብኛው ብቻ ነው። አንድ ሱዳናዊ ሻጭ ከልቡ አዘነልኝ። የእንግሊዝኛው ከዱባይ ታዝዞ እንደሚመጣ፣ ዋጋውም ለእኔ ቢጤ እንደማይቀመስ ነገረኝ። ደጅ ላይ ግን ሲዲ በፌስታል የያዘ ጎረምሳ ተከተለኝና የእንግሊዝኛውን በአንድ ምሳ ዋጋ ሊሰጠኝ ሆነ።

እውነቱን ለመናገር ቆሜ አሰብሁ። የሚያየኝ የለም። ሁሉም ይገዛል። ግን ጋሽ ይማም ሚዛናቸውን ሲፈትሹ በዓይኔ መጡብኝ። በተሰረቀ ዕቃ የምጽፈውን ማመልከቻ ገበሬው ለዳኛ ሊሰጥ ነው። ትዳሬንም በዚያ ልጀምር ነው። ጎረምሳውን ትቼው ሄድሁ። ልጆቼ ይህን ስነግራቸው ይስቃሉ፤ ያኔ ሬናቶም ስቆብኛል።

"ሚስት ለማግባት ኮምፒዩተር የሚማር ሰው አይቼ አላውቅም" አለኝ። "እኛ አገር የሚማሩት ጊታር ነው።"

"አማቴ ያንተ አማት ቢሆኑ ጊታር ይበቃ ነበር" አልሁት።

ቀኑ እየሄደ ነበር። አገር ቤት ማሽላው ተዘርቷል፤ ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ ወደ ማሳው እየተጠለፈ መሆኑን በስልክ ሰማሁ። እኔ በእጄ ያለው ዐረብኛ ብቻ የሚናገር ሣጥን ነው።

አንድ ዓርብ፣ ከጁምዓ ሰላት መልስ፣ ሌላ ማድረግ የምችለው ሲጠፋኝ ማሽኑ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ጀመርሁ። ልጅ ሆኜ ቁርዓን እያስነበቡ ያስቀሩኝ ሸኽ፣ ከእንጨቱ ሰሌዳ ላይ አንድ ቃል ዘሎ ያለፈ ልጅ ሲያገኙ ከመጀመሪያው ያስጀምሩት ነበር። ገባህ ወይ ብለው አይጠይቁም፤ ዘለልህ ወይ ነው ጥያቄያቸው። እኔ ያን ኮምፒዩተር ስሠራበት ከሥራዬ ውጪ ያለውን ሁሉ ዘልዬው ነበር። እንዳላበላሽ ስለምፈራ አንድ ቀን እንኳ ነካ አድርጌው አላውቅም። አሁን ማሽኑ የራሴ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ዝርዝር ተነሣሁና ሰሌዳው ላይ እንደማነበው፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ቃል በቃል ሄድሁ። ያ የመጻሕፍት ዐረብኛ ነው። እኔ የማውቀው የገበያውን ነውና ብዙው አልገባኝም። ሬናቶ አብረን የምንኖርበት ክፍል ጥግ ላይ ሩዝና የደረቀ ዓሣ እየጠበሰ ይሰማኛል። የዓሣው ሽታ ዓይን ያስለቅሳል።

አንዱ ዝርዝር ሌላ ዝርዝር ይከፍታል። ከፕሮግራሞቹ በታች መሣሪያ የሚል አገኘሁ። እሱን ስከፍት ውስጡ ደግሞ ሌላ አለ። "ኢዕዳዳት አል ሉጋ" ብዬ አነበብሁ። ሉጋ ማለት ቋንቋ እንደሆነ አውቃለሁ። ከፈትሁት። ቀጥዬ "አል ዐረቢያ" አልሁ፤ ከሥሩ ደግሞ "አል ኢንግሊዚያ" አልሁ፤ ሸኻችን እንዳስለመዱኝ በዜማ፣ ሳላስተውለው።

ሬናቶ ማንኪያውን ይዞ ዞረ። "ቁም። የመጨረሻውን ድገመው" አለኝ።

ደገምሁት። መጥቶ ትከሻዬ ላይ ተደገፈ። ለካ የምፈልገው እንግሊዝኛ እዚያው ውስጥ ነበር። ዐረብኛውን የሚያነቡት ስላላስፈለጋቸው አልፈለጉትም። እንግሊዝኛውን የሚፈልጉት ደግሞ በዐረብኛ ስለተጻፈ አላዩትም።

መረጥሁት። ማሽኑ ዋናውን ሲዲ አስገባ አለኝ፤ ካርቶኑ ውስጥ ነበርና አስገባሁ። ሩዙ እስኪያርር ጠበቅን። ሲከፈት ገጹ ከግራ ጀመረ። እኔ ግን እጄ ወደ ቀኝ ነው የሚሄደው፤ ልከፍት ስል እዘጋለሁ፤ ሬናቶ ከት ብሎ ሳቀ። ከዚያ የአማርኛ መጻፊያውን አስነሣሁና አንዲት ቃል ጻፍሁ። ፊደሉ ቁልጭ ብሎ ወጣ።

"ስሟ ነው?" አለኝ ሬናቶ።

"አይ፣ ቆቦ ነው የሚለው። አገሬ።"

"አገርህን ነው እንዴ የምታገባው?"

ያን ቀን ያረረ ሩዝ በላን። እንደዚያ የጣመኝ ምግብ ትዝ አይለኝም።

ከዚያ በኋላ እስክሄድ ድረስ በየዓርቡ ተለማመድሁ። ውሌ አልቆ ስገባ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ነው የመጣሁት። የኮምፒዩተሩን ዋና ሣጥን ጣሪያ ላይ ሲጭኑት ለመንሁና በብርድ ልብስ ጠቀለልሁት፤ ስክሪኑን ግን ጭኔ ላይ ይዤው መጣሁ። ከወልድያ አልፈን ጎብዬ ስንደርስ እግሬ ደንዝዟል። ሮቢት ላይ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ፤ ማሽላው ቆሟል፤ ራሱ ቀልቷል እንጂ አልታጨደም። አልሃምዱሊላህ አልሁ።

ዋናው መንገድ ዳር አንዲት ክፍል ተከራይቼ ማሽኑን ተከልሁ። መብራት ይመጣል ይሄዳል። ሰው ለማየት ይመጣል፣ በር ላይ ይቆማል፣ ይሄዳል። ጋሽ ይማም ዘንድ አልሄድሁም። እንደመጣሁ መስማታቸውን አውቃለሁ፤ ሥራዬ ሳይታይ እኔ ብታይ ምን ዋጋ አለው ብዬ ነው። ማሽላው መታጨድ ሲጀመር ግን እንቅልፍ አጣሁ። እሳቸውም አልመጡም። የዘሀራ ቤት በር ላይ የማላውቃቸው እንግዶች ታዩ ሲባል ሰማሁ፤ እህል ገዢ ይሁኑ ሌላ የነገረኝ የለም።

አንድ ጧት በሩ ጨለመ። ጋሽ ይማም ናቸው።

"አሰላሙ አለይኩም" አሉ፤ ሳይጋበዙ ተቀመጡ። ማሽኑን ከላይ እስከ ታች አዩት። "ይሄ ምን ይጽፋል?"

"የተባለውን፣ ጋሼ።"

"የሠርግ መጥሪያ ይጽፋል?"

"ይጽፋል" አልሁ።

"እንግዲያ ጻፍ። ሙሽሪት ዘሀራ ይማም።"

ጻፍሁ። እንዴት እንደጻፍሁት አላውቅም። ፊደሏ እፊቴ ቆማለች፤ ከጎኗ ማን ሊገባ እንደሆነ አላውቅም። ዓይኔን ከስክሪኑ ሳላነሣ፣ "የሙሽራውስ ስም?" አልኋቸው።

ጋሽ ይማም ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

"ያንተን ስም እኔ ልንገርህ?" አሉ።

መብራት እንዳይሄድ እየጸለይሁ "እንድሪስ" ብዬ ጻፍሁ። ጎንበስ ብለው አዩት። ከዚያ ሲወጡ፣ በሩ ላይ ሆነው፣ ሚዛን ያስተካከሉ ያህል ቀስ ብለው፣ "አብሽር" አሉኝ። ከዚህ አይዞህ ሌላ ከእሳቸው አፍ የወጣ ምርቃት አልሰማሁም፤ እሱም በቅቶኛል።

ያ ክፍል ብዙ ማመልከቻ፣ ብዙ ውል፣ ብዙ የሠርግ መጥሪያ ወጥቶበታል። ልጆቼን ያሳደገው እሱ ነው። አሁን ሰው ሁሉ በስልኩ ይጽፋልና ሥራው ቀዝቅዟል፤ አላዝንበትም። ገበሬው አውቶቡስ ሳይሳፈር መጻፉ ነው የሚያስፈልገው፤ ጸሐፊው እኔ መሆኔ አይደለም። ከዚያ ዓመት የቀረኝ እምነት ግን አለ፤ ያልገባንን ነገር ዘለን በማለፍ ብዙ እናጣለን። አንብበን ብንጨርሰው ግማሹ ለእኛ የተቀመጠ ሳይሆን አይቀርም። ለሂክማ ይህን ሁሉ ልነግራት እችል ነበር። የእሷ ማሽን ውስጥ እንግሊዝኛው ይኑር አይኑር በእውነት አላውቅም። ከሌለ ሕጋዊውን እገዛላታለሁ። ካለ ግን ራሷ ታግኘው።

ዛሬ ጧት ደውላ ነበር፤ ለእኔ ሳይሆን ለእናቷ። ዘሀራን ስለ ፕሮግራሙ አንሥታ እንደሁ ጠየቅኋት። አላነሣችም አለች። ስለ ብርዱና ስለ ምግቡ ብቻ ነው ያወሩት። "አንድ ነገር ብቻ ነገረችኝ" አለች ዘሀራ። "ቱርኮች ቋንቋን ዲል ነው የሚሉት አሉ።"

ሉጋ፣ አልሁ በልቤ። ፊቴን ወደ ማሽላው አዞርሁ፤ ስስቅ እንዳታየኝ።