ቤት ማዞሪያ

እናቴና ታላቅ እህቷ በአዲሱ ቤታችን በር የተነሳ ተኳርፈው ሰነበቱ። አገራችን አምበር ላይ እንጨቱ ተከምሯል፣ ቆርቆሮው መጥቷል፣ አናጺው ሰኞ ይጀምራል፤ በሩ ወዴት ይዙር የሚለው ግን አልተቆረጠም። አክስቴ «ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ነው እንጂ! ጠዋት ስትወጪ ከደጅሽ ቆመሽ ትሳለሚያለሽ» ትላለች። እናቴ ደግሞ «ወደ መንገዱ፤ የሚወጣ የሚወርደውን ልይበት» ብላ ድርቅ አለች።

ያን ጊዜ ደብረ ማርቆስ ኮምፒውተር እማራለሁ። ያሳበደኝ ጌም መጫወቱ ሳይሆን የጌም መንደር መሥራቱ ነበር። «ቆይ፣ እኔ አስታርቃችኋለሁ» ብዬ ወደ ቤት መጣሁ፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ላፕቶፔን ዘረጋሁና ሰፈራችንን ሠራሁት። ያሉኝ ዕቃዎች ግን የፈረንጅ ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያን ባጣ ግንብ ተከልሁ፣ ላም ባጣ ድብ አሰርሁ። መሃል ላይ ቤቱን አስቀምጬ ሁለት ቁልፍ ሰጠሁት፤ አንዱ ወደ ቀኝ ያዞረዋል፣ አንዱ ወደ ግራ።

አክስቴ ግንቡን እንዳየች ብድግ ብላ ተሳለመች።

«ኧረ አክስቴ፣ ምሽግ እኮ ነው!»

«ቤተ ክርስቲያን ነው አላልከኝም? ዝም በል! ይልቅ ይህን አውሬ ከእናትህ ደጃፍ አንሳ፤ ዶሮ አይተርፋትም።»

ከዚያ በኋላማ ማን ይቻላቸው! አክስቴ በቀኝ ስታዞር እናቴ በግራ ስትመልስ ቤቱ እንደ ሰካራም ወዲያ ወዲህ አለ። እናቴ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። አባቴ ካረፈ ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም፤ ደስታዬን የማደርግበት አጣሁ።

«አሁን በሩ ላይ ቆማችሁ እዩት» ብዬ ወደ ውጭ የሚታየውን አመጣሁላቸው። አክስቴ ፈጥና ቤቱን ወደ ግንቡ አዞረችው።

«የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ባዶ ሆነ እኮ» አለች። «የአባትህን መቃብር አስገባ እንጂ።»

ድንጋይ አምጥቼ አስቀመጥሁ። ልክ በበሩ መሃል ጉብ አለ።

የእናቴ ሳቅ ቀጥ አለ። «እኔ እኮ ቤተ ክርስቲያኑን ጠልቼ አይደለም፣ እትዬ» አለች። «በር በከፈትሁ ቁጥር እሱን እንደገና መቅበር ስለማልችል ነው።»

አክስቴ እጇን ከቁልፉ ላይ አነሳች። እናቴ ራሷ ቁልፉን እየተጫነች ቤቱን ቀስ አድርጋ ወደ መንገዱ አዞረችው። ከዚያ በግንቡ በኩል ያለውን ግድግዳ በጣቷ ነካች።

«እዚህ ጋ መስኮት አውጣልኝ» አለች። «ስችል እከፍተዋለሁ።»