የመወርወሪያው ዘፈን

ውሃ ያልነካው አዲስ ሸማ የራሱ ሽታ አለው፤ ትንሽ የአቧራ፣ ትንሽ የእንጨት፣ ትንሽ ደግሞ የሠራው ሰው እጅ። ባለፈው እሑድ የእህቴ ልጅ ሂክማ፣ ከተማው «የባህል መንደር» ብሎ ወደሰየመው ሰፈር፣ መግቢያው በነፃ ነው ወደተባለ የሙዚቃ ፌስቲቫል እጄን ይዛ ስትጎትተኝ፣ እኔ የማስበው ስለ ወገቤ ብቻ ነበር። የጳውሎስ ሆስፒታሉ ሐኪም ብዙ አይቁሙ ብሎኛል፤ በነፃ ፌስቲቫል ላይ ደግሞ ለአሮጊት ወንበር የሚያዘጋጅ የለም። ድምፅ ማጉያው ጆሮ ይበሳል፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ወጣቱ ጀርባውን ለመድረኩ ሰጥቶ በስልኩ ራሱን ያነሳል። ወደ ቤት የምመለስበት ሰበብ እየፈለግሁ ሳለ፣ ነጭ በነጭ የለበሱ ልጆች አጠገቤ አልፈው ወደ መድረኩ ሲወጡ ያ የአዲስ ሸማ ሽታ ድንገት አፍንጫዬ ገባና ቆሜ ቀረሁ።

የአባቴ ሱቅ እንደዚያ ነበር የሚሸተው። አባቴ ሸምሱ፣ ከስልጤ አገር በልጅነቱ መጥቶ ሽሮ ሜዳ ዳገቱ ላይ ክር የሚሸጥ ሰው ነበር፤ ነጩን ክር በግራ፣ የጥለቱን ባለቀለም ክር በቀኝ ደርድሮ፣ በመካከሉ እሱ ራሱ መስጊድ ካልሄደ በቀር ከማይነሣበት ዱካ ላይ ተቀምጦ፣ ደንበኛ ሲመጣ በዓይኑ ሰላም የሚል፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው። «ዝም አይነቅዝም» ይል ነበር፤ እውነትም በዚያ ዘመን ጉለሌ ውስጥ ሳይነቅዝ የቆየ ነገር ቢኖር ዝምታ ብቻ ነበር። ከሱቁ ጀርባ ባለው ግቢ፣ ከእኛ ጋር አንድ አጥር የምንጋራቸው ጋሽ ዋዳ የሚባሉ ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔ ነበሩ። የእሳቸውና የአባቴ ጉርብትና እንግዳ ነገር ነበር፤ ሥጋ አብረው በልተው አያውቁም፣ የአንዳቸው ጸሎት ለሌላው አይገባውም፣ ነገር ግን አንዳቸው ሲታመሙ ሌላኛው ሱቁንም ሆነ ሽመናውን ዘግቶ አጠገቡ ይውል ነበር።

ጋሽ ዋዳ ጴንጤ ነበሩ። ከዳገቱ በታች ባለችው ቆርቆሮ ክዳን ጸሎት ቤታቸው ውስጥ አኮርዲዮን የሚጫወቱት እሳቸው ነበሩ፤ እሑድ እሑድ ከሽመና ጉድጓዳቸው ወጥተው፣ ኮታቸውን ለብሰው፣ ያንን ከባድ መሣሪያ እንደ ሕፃን ልጅ ደረታቸው ላይ አቅፈው ሲወርዱ ሠፈሩ በሙሉ ያያቸው ነበር። ከዚያ ደርግ መጣና ጸሎት ቤቱ «በሕዝብ ጥያቄ» ታሸገ። የጠየቀውን ሕዝብ እኛ አላየነውም። ወንበሮቹ የቀበሌው መሰብሰቢያ አዳራሽ ገቡ፣ አኮርዲዮኑ የቀበሌው መጋዘን ገባ፣ ከምእመናኑም ጥቂቶቹ እስር ቤት ገቡ። የቀሩት ቤት ለቤት፣ መስኮት ዘግተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጸልዩ ጀመር፤ በዚያ ሰሞን ነው ጋሽ ዋዳ አንድ መዝሙር ያወጡት። በአገራቸው ቋንቋ ነበር የሚዘምሩት፤ እንደ ጋሞ ሰው አዘፋፈን አንዱ ጀምሮ ሳይጨርስ ሁለተኛው ከሌላ ቦታ ይገባል፣ ሦስተኛው ከሥር ይጎተታል፣ ድምፆቹ አይጠባበቁም ግን አይጣሉም። እኔ በአጥሩ ማዶ ልብስ እያጠብሁ እሰማው ነበር። የጋሽ ዋዳ ልጅ ትርጉሙን አንድ ቀን በጆሮዬ ነገረችኝ፤ «በሩ ተዘግቷል፣ አንተ ግን ውስጥ ነህ» ነው የሚለው አለችኝ፣ ከዚያ ለማንም እንዳልናገር አስማለችኝ።

የቀበሌው ኪነት ቡድን የተቋቋመው ከዚያ በኋላ ነው። ኃላፊው ጓድ ፈለቀ የሚባል፣ በፊት ሒሳብ ያስተምር የነበረ፣ ክፉ ሰው ያልሆነ ግን ክፉ ሰው መስሎ መታየት ሥራው የሆነ ወጣት ነበር። ከቀበሌው በላይ ያለው ከፍተኛ በሙሉ የሚሳተፍበት የብሔረሰቦች የሙዚቃ በዓል ሊደረግ ነው፣ ለሕዝቡ በነፃ ነው ተባለ። በእርግጥም በነፃ ነበር፤ የሚያስከፍለው መቅረት ነው። የቀረ ሰው ከኅብረት ሱቅ ስኳር ሊወስድ ሲሄድ ስሙ ከመዝገቡ ይጠፋል። ጓድ ፈለቀ ወጣቶቹን ሰብስቦ ጭፈራውን ሲያከፋፍል አንድ የራሱ ፍልስፍና ነበረው፤ «ሁሉም የራሱን ከጨፈረ አንድነቱ የታለ?» አለና ሁላችንንም አቀያየረን። የጋሽ ዋዳን ልጅ ጉራግኛ አስጨፈራት፣ ዘለል ዘለል ስትል የሸማኔ ልጅ መሆኗ እስኪያስታውቅ ድረስ እግሯ ይጠላለፍ ነበር። ከቀጨኔ የመጣው የሸክላ ሠሪ ልጅ ትግርኛ ደረሰው። እኔን፣ የስልጤውን የሸምሱን ልጅ፣ የዶርዜ ጭፈራ አስያዘኝ። አባቴ ይህንን ሲሰማ ክሩን እያጠነጠነ «ሻሽሽን እንዳታወልቂ» ብቻ አለ። በሻሽ ላይ ሸማ ደርቤ ወገብ መነቅነቅ የተማርሁት እንደዚያ ነው፤ ያስተማረችኝም ጉራግኛው ያስቸገራት ጎረቤቴ ናት።

አኮርዲዮን የሚችል ጠፋ። መሣሪያው መጋዘን ውስጥ አለ፣ ባለሙያው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው። ጓድ ፈለቀ ጋሽ ዋዳን ሲጠራቸው ሠፈሩ እምቢ ይላሉ ብሎ ጠብቆ ነበር፤ እሳቸው ግን እሺ አሉ። የጸሎት ቤቱ ወንድሞቻቸው ከእምነቱ እንደወደቀ ሰው ቆጥረዋቸው ነበር ይባላል። እኔ ግን በመጀመሪያው ልምምድ ቀን አጠገባቸው ነበርሁ፤ አቧራውን በጋቢያቸው ጫፍ ሲጠርጉ፣ ከዚያ ምንም ሳይጫወቱ እንዲሁ ከፍተው ሲዘጉትና መሣሪያው ሲተነፍስ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲያዳምጡ አይቻለሁ። ለምን እሺ እንዳሉ ከዚያ በኋላ ጠይቄ አላውቅም።

የበዓሉ ቀን እንጦጦ ላይ ደመና ነበር፣ ሜዳው ላይ ግን ፀሐይ። ቀበሌዎቹ በየመፈክራቸው ተሰልፈው መጡ፤ የሸማኔዎች ማኅበርም «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚል ጨርቅ ይዞ ከመድረኩ ሥር ተደረደረ። ከጠዋት ጀምረን ቆምን። ንግግር ነበር፣ ሌላ ንግግር ነበር፣ ንግግሩን የሚያመሰግን ንግግር ነበር። ተራችን ደርሶ ልንወጣ ስንል ጄኔሬተሩ ተንተባተበና ጠፋ፤ ድምፅ ማጉያው ሞተ። ሕዝቡ ማጉረምረም ሲጀምር፣ የከፍተኛው ሰዎች ሰዓታቸውን ሲያዩ፣ ጓድ ፈለቀ ላቡን እየጠረገ ወደ ጋሽ ዋዳ ዞሮ «በናትዎ የሆነ ነገር ይጫወቱ፣ ዝም ብቻ አይበሉ!» አላቸው።

ጋሽ ዋዳ ደክሟቸው ነበር፤ ከጠዋት ጀምሮ ያ ሁሉ ክብደት ትከሻቸው ላይ ነው። ደጋግሜ አስቤዋለሁ፤ አውቀው ያደረጉት አይመስለኝም። የደከመ ሰው እጅ ወደሚያውቀው ቤት ነው የሚሄደው። ቀስ ብለው ጀመሩ፣ እኔም በሁለተኛው ስንኝ ላይ ዜማውን አወቅሁት፤ ያው የአጥሩ ማዶው መዝሙር ነበር። ከመድረኩ ሥር አንድ ሸማኔ አፉን ሳይከፍት አንጎራጎረ። ሁለተኛው ከሌላ ቦታ ገባ። ሦስተኛው ከሥር ጎተተ። ከዚያ ያ ሁሉ መስኮት ዘግቶ ሲዘምር የኖረ ሰው፣ መፈክሩን እንደያዘ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በሙሉ ድምፁ ዘመረ። በሕይወቴ ከዚያ በፊትም ከዚያም በኋላ እንደዚያ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም፤ ባልፈራ ኖሮ ደስታዬ ወሰን አይኖረውም ነበር።

ሲያበቃ ሕዝቡ በጭብጨባ ሜዳውን አናወጠው። ከከፍተኛው የመጡት ጓድ ከወንበራቸው ተነሡ፤ ተደስተው ነበር። «ይኼ ነው የጭቁን ሕዝብ ባህል ማለት!» አሉና ወደ ጋሽ ዋዳ ጠጋ ብለው ጠየቁ፤ «ምን ማለት ነው ግጥሙ?»

ጋሽ ዋዳ ዋሽተው አያውቁም። ለገበያተኛ እንኳ፣ ይህ ጋቢ ሲታጠብ ትንሽ ይጠብባል ብለው አስቀድመው የሚናገሩ ሰው ነበሩ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ እውነቱን ሊናገሩ እንደሆነ ገባኝ። ያን ቃል ከተናገሩ እሳቸው ብቻ ሳይሆኑ ከሥር የቆመው የዘመረ ሰው ሁሉ፣ ጎረቤቴ ልጃቸውም ጭምር፣ የት እንደሚያድሩ ሁላችንም እናውቅ ነበር። አብዮት ጠባቂዎቹ ጠመንጃቸውን ይዘው በዳር በዳር ቆመዋል። ያኔ ከነዋሪው ረድፍ አንድ ሰው ወደ ፊት ሲወጣ አየሁ፤ አባቴ ነበር። ያ በስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ የማያውቀው አባቴ ኮፍያውን አስተካከለና «ጓድ፣ የሽመና ዘፈን ነው» አለ። «እኔ ክር እሸጥላቸዋለሁ፣ ሁልጊዜ እሰማለሁ። መወርወሪያዋን፣ ክሩን የምታመላልሰዋን፣ ነው የሚያናግሯት። ሂጂና ተመለሽ ይሏታል፣ በቃ።»

ዳግመኛ ተጨበጨበ። ቡድናችን አንደኛ ወጣ። ጓዱም ይህ የወዛደር ዘፈን ለሁሉም እንዲገባ በአማርኛ ግጥም ተሠርቶለት፣ ጭፈራ ተጨምሮበት በየበዓሉ እንዲቀርብ አዘዙ። ግጥሙን ያወጣው አባቴ ነው፤ ሌላ ማን ያውጣ? ዕድሜውን በሙሉ ዘፍኖ የማያውቅ ሰው፣ ሱቁ ውስጥ ክር እያጠነጠነ፣ ጣቱን እየቆጠረ «ሂጂ መወርወሪያዬ፣ ሂጂና ተመለሽ፣ ክሩ እንዳይበጠስ፣ መንገድሽን አውቀሽ» ሲል እኔና እናቴ ሳቃችንን መያዝ አቅቶን ነበር። እናቴ ውሸት አይሆንብህም ወይ ስትለው «ሰው ለማትረፍ ነው፣ አላህ ያውቃል» አላት።

በማግስቱ ጋሽ ዋዳ ሱቁ መጡ። የማይፈልጉትን ክር አስመዝነው፣ ገንዘባቸውን ከፍለው ቆሙ። «አቶ ሸምሱ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ልጄንም እኔንም አትርፈውናል» አሉ። ግን ከሱቁ አልወጡም። «ጸሎት ቤታችንን ወሰዱት። አኮርዲዮኑንም ወሰዱት። የቀረን ያ መዝሙር ብቻ ነበር» አሉ። አባቴ ከዱካው ተነሥቶ እሳቸውን አስቀመጣቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአጥሩ ማዶ ያ መዝሙር ተሰምቶ አያውቅም። ቢሰማማ ያስጠይቃል፤ የኪነቱን ዘፈን ስለምን በሹክሹክታ ትዘፍናላችሁ ይባላል። ጋሽ ዋዳ ግን በየበዓሉ አኮርዲዮናቸውን አንግተው ተጫወቱት፣ እኔም ወገቤን አስሬ ከፊታቸው ጨፈርሁት። ቢያቆሙ ጥርጣሬ ነው። ፊታቸውን ላለማየት ሁልጊዜ ወደ ሕዝቡ ዞሬ ነበር የምጨፍረው።

ደርግ ወደቀ፣ ጸሎት ቤታቸው ተመለሰላቸው፣ አኮርዲዮኑም እንደዚያው። አንድ ቀን ጋሽ ዋዳን፣ ያን ጊዜ ዓይናቸው ደክሞ ሽመናውን ትተው ነበር፣ መዝሙሩን መልሳችሁ ጀመራችሁት ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ሳቁ። «ሞከርነው እኮ፣ ዘይነብ» አሉኝ። «ገና ስጀምር ልጆቹ ወገባቸው ለጭፈራ ተነሣ። መጀመሪያ ሳቅን፣ ሳቅን... ከዚያ ተውነው። በየት በኩል ይጸለይበታል?» ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆዩ። እሳቸውን ስንሸኝ አባቴ በምርኩዝ ነበር የሄደው፤ ቀብሩ ላይ ሌላ መዝሙር ተዘመረ።

እንግዲህ ባለፈው እሑድ እነዚያ ነጭ ለባሽ ልጆች መድረክ ላይ ሲወጡ፣ አስተዋዋቂው «አሁን ደግሞ ከጥንት ጀምሮ ከአባቶቻችን ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ የሸማኔዎች ዜማ!» አለ። ሂጂ መወርወሪያዬ፣ ሂጂና ተመለሽ። የሱቅ ዱካ ላይ በጣት የተቆጠረው የአባቴ ግጥም፣ አንድ ቃል እንኳ ሳይጎድል። ሕዝቡ አብሮ ያዜማል፤ የጋሽ ዋዳ ልጅ ብትኖር ምን እንደምትል አላውቅም፣ እሷም ካረፈች ቆየች። ሂክማ ፊቴን አየችና «አክስቴ፣ ታውቂዋለሽ እንዴ?» አለችኝ።

ልነግራት ፈለግሁ። ይህ መዝሙር ነው፣ ሌላ ቃል ነበረው፣ እናትሽ ያን ጊዜ ሕፃን ስለነበረች አያትሽን ስለ ሌላ ነገር ታወሳዋለች እንጂ ይህን አታውቅም፣ ስሚኝ ልበልልሽ ልላት አፌን ከፈትሁ። ከዚያ በአጥሩ ማዶ ስንት ጊዜ ከሰማሁት ቋንቋ አንድ ቃል እንኳ አልመጣልኝ አለ። ትርጉሙ አለኝ፣ ቃሉ የለኝም፤ ቃሉን የሚያውቅ የምጠይቀው ሰውም አልቀረኝ። አፌ ላይ የመጣው መወርወሪያዋ ብቻ ናት። ወገቤ ግን፣ ያ ብዙ አይቁሙበት የተባልሁት የታመመ ወገቤ፣ እኔን ሳይጠይቅ ጀመረ። ሂክማም እየሳቀች፣ «ወይኔ አክስቴ! አንቺ ባለሙያ!» እያለች ስልኳን አነሣችና ቀረጸችኝ።