በሁዳዴ የተሸከምኩት ሥጋ

አነሯ መሞቷን የሰማሁት ጋምቤላ፣ ቴሌ ተጠርቼ ሄጄ ነው። የባለቤቴ የመምህርነት ሥራ ወደዚህ ካመጣን ወዲህ ከላፍቶ ስልክ ሲደወልልኝ ወይ ሠርግ ነው ወይ ለቅሶ። የደወሉት በዕድሜ የሚበልጡኝ የድሮ ጎረቤቴ ነበሩ።

«ያቺ አውሬሽ ሞተች» አሉኝ፣ ገና ሰላምታው ሳያልቅ።

«መቼ?»

«ከትናንት ወዲያ። አርጅታ ነው አሉ። እግዜር ያጥናሽ ልበልሽ እንዴ?» ብለው ሳቁ። «እዚህማ ወሬሽ እንደ አዲስ ተነሥቶልሻል። በሁዳዴ ሥጋ መብያ ሰበብ ያደረገቻት አውሬ ሞተች እየተባለ ነው።»

ስልኩን ዘግቼ ወጣሁ። እንባ አልመጣልኝም፤ የመጣልኝ ንዴት ነው።

ላፍቶ ያኔ ገና ጤፍ ይዘራበት ነበር። ከማሳው ዳር ከአዳኝና ከነጋዴ እጅ የተነጠቁ የዱር እንስሳት የሚጠለሉበት፣ በሽቦ የታጠረ ግቢ ነበር። እንስሳቱን የማበላው እኔ ነበርኩ። አነር ድመት ትመስላለች፤ ግን እግሯ ረጃጅም፣ ጆሮዋ ትልልቅ፣ ቆዳዋ ጠቃጠቆ ነው። የእኛይቱን መንገድ ዳር በሲባጎ አስረው ሊሸጧት ሲሉ ነው የተወሰደችው። ስትመጣ ግልገል አልነበረችም። የፊት እግሯን ወጥመድ ስለቆረጠው፣ ዱር ብትመለስ አድና መብላት አትችልም። አንድም ቀን አልለመደችኝም። ምግብ ይዤላት ስገባ ጆሮዋን አጥፋ፣ ጥርሷን አሳይታ እስስ ትልብኛለች። ለዚህ ነው የማከብራት። ከሰው እጅ እየበላች ለሰው አልተሽቆጠቆጠችም።

ችግሩ ሁዳዴ ነበር። ጾሙ ሲገባ በሰፈራችን ያሉ የክርስቲያን ልኳንዳ ቤቶች ይዘጋሉ። አነር ደግሞ ሽሮ አትበላም። በመጀመሪያው ሁዳዴ ሳምንቱ ሳይጋመስ ጎኗ ገባ። የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ።

«አባቴ፣ ሥጋ ብገዛ ኃጢአት ይሆንብኛል?»

«ትበዪዋለሽ?»

«ኧረ በስመ አብ!»

«እንግዲያው ጾም የታዘዘው ለሰው ነው። እሷን ሥጋ በል አድርጎ የፈጠራት እሱ ነው። አታስርቢያት።»

መካኒሳ አንድ ሙስሊም ሥጋ ሻጭ ነበሩ። ነጠላ ያጣፋች ሴት በሁዳዴ ደጃፋቸው ስትቆም ግራ ገባቸው።

«እህቴ፣ ቤት ተሳስተሽ እንዳይሆን?»

«አልተሳሳትኩም። ለአነር ነው።»

ነገሩን ሳስረዳቸው ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። «ቢስሚላህ የተባለበት ነው፤ አታኮርፍም?»

«እሷ የምታኮርፈው ሲዘገይባት ነው።»

ሥጋውን በጋዜጣ ጠቅልለው በላዩ ሌላ ሊደርቡ ሲሉ አስቆምኳቸው።

«ሰው እንዳያይሽ ብዬ እኮ ነው።»

«ይየኝ። ከደበቅኩት በላች ይሉኛል።»

ይዤ በሄድኩት የቆርቆሮ ሳህን ላይ ገልጬ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እህል ባልቀመሰ አፌ ተሸክሜው ሄድኩ። ጾሙን ሙሉ እንዲሁ አደረግኩ። ሰፈሩ ግን ሥጋውን አየ እንጂ ሥጋው የት እንደገባ አልጠየቀም። «በሁዳዴ! ያውም የእስላም ሥጋ!» ተባለ።

አንድ ቀን እኚሁ የደወሉልኝ ጎረቤቴ ከሁለት ሴቶች ጋር እስከ ሽቦው ድረስ ተከተሉኝ። ስበላ ሊይዙኝ ነው። ዞር ብዬ «ቅረቡ እንጂ እትዬ፣ ከሩቅ አይታይም» አልኳቸው። ቀረቡ። አነሯ ሥጋውን ጨርሳ ሳህኑን እየላሰች በአፍንጫዋ ሽቦው ድረስ ገፋችው። ቀና ብላ እስስ ስትልባቸው አንደኛዋ አማተበች። ከዚያ ሦስቱም ነጠላቸውን ሰብስበው ሄዱ።

ፋሲካ አለፈ። በእመቤታችን ማኅበራችን ጽዋውን የምቀበለው ተረኛ እኔ ነበርኩ። ለሚቀጥለው ወር ድግስ ጌሾዬን አስወቅጬ፣ ቤቴን አሰናድቼ ነበር። ጽዋው እኔን ዘሎ አጠገቤ ለተቀመጡት ለእኚሁ ጎረቤቴ ተሰጠ። ምክንያቱን የነገረኝ የለም። እሳቸውም ሽቦው ጋ ያዩትን እያወቁ፣ ተቀብለው ዝም አሉ።

ማኅበሩን አልተውኩም። በየወሩ እየሄድኩ ቦታዬ ላይ ተቀመጥኩ። በሚቀጥለው ሁዳዴም ሳህኑን ገልጬ ተሸከምኩ፤ ከዚያ በኋላ በመጣውም። ጋምቤላ እስክመጣ ድረስ ጽዋው አልደረሰኝም፣ አነሯም አልተራበችም። ዛሬም ያ ጊዜ ቢመጣ የማደርገው ይህንኑ ነው።

አሁን እሷ የለችም። ብትኖርም አትመሰክርልኝም፤ ለማንም ደንታ አልነበራትም። እርስዎ ግን አሉ እትዬ፣ ሁለቱም ሴቶች አሉ። ይቅር በሉኝ አልልም፤ ይቅር የሚባል ነገር አልሠራሁም። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። በሚመጣው ሃያ አንድ ማኅበሩ ሲሰበሰብ፣ ጽዋው ለተረኛው ከመሰጠቱ በፊት፣ ብድግ በሉና ሳህኑን የላሰው ማን እንደነበር ተናገሩ።