«ሴይ»፣ «ቴል» እና የጋሼ ሙሉጌታ ትከሻ

ኖርዝ ሜልቦርን፣ ከመንግሥት የኪራይ ቤት ፎቆች ሥር ባለች አዳራሽ እንግሊዝኛ ላስተምር የገባሁ ዕለት ተማሪዎቼ በሙሉ ብድግ አሉ። ትንሿ እንኳ በዕድሜ እናቴን ታክላለች። «ኧረ በእግዜር፣ ተቀመጡ!» አልኩ። እኔ ካልተቀመጥኩ ወይ ፍንክች! ጡረታ እስክወጣ ይህን ልማድ ላስተዋቸው አልቻልኩም።

ከግሦች ሁሉ የሚያስቸግሯቸው «ሴይ» እና «ቴል» ነበሩ። «ሴይ» ማለት፣ ማለት ነው፤ ሰሚው ባይጠቀስም ያስኬዳል። «ቴል» ግን መንገር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ሰው ወዲያው ይከተለዋል። ሰሌዳው ላይ ለ«ሴይ» አፍ ብቻ፣ ለ«ቴል» አፍና ጆሮ እሥል ነበር። ጆሮዬ ድንች ስለሚመስል ይስቁብኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ በሁለቱም ግሦች ዓረፍተ ነገር የሚሠራልኝ ጠየቅሁ። ጋሼ ሙሉጌታ ተነሡ። ዲር ፓርክ በሚባል ሰፈር መጋዘን ውስጥ ካርቶን ይጭናሉ፤ ክፍል ውስጥ ከባለቤታቸው ከእትዬ አስካለ ጎን ካልሆነ አይቀመጡም።

«አይ ሴይ አይ አም ፋይን። አይ ቴል ኖባዲ አባውት ማይ ሾልደር።»

ደህና ነኝ እላለሁ፤ ስለ ትከሻዬ ግን ለማንም አልነግርም ማለታቸው ነው። አንድም ስህተት የለበትም። ክፍሉ አጨበጨበ፤ እኔ ግን ወደ ትከሻቸው ተመለከትኩ።

እትዬ አስካለ ዞር አሉ። «አንተ ሰውዬ፣ ትከሻህን ያምሃል እንዴ?»

«ምሳሌ ነው። ቲቸር ስለጠየቀች ነው።»

«ምሳሌ! ለዚህ ነው ለካ ሹራብ ስትለብስ የምትቃትተው?»

ጋሼ አንገታቸውን ደፉ። የእኛ ሰው ደህንነቱን ሲጠየቅ አስቀድሞ ያመሰግናል፤ ካመሰገነ በኋላ ማማረር ያፍራል። ሱፐርቫይዘራቸው በየጠዋቱ ይጠይቃቸዋል፣ እሳቸውም በየጠዋቱ «ፋይን» ይላሉ። ሺፍት ይቀንሱብኛል የሚል ፍርሃትም ነበረባቸው። እንዲህ ከቀጠሉ ግን ክንዳቸውን ማጣታቸው ነው።

ትምህርቱን አቋርጬ ሱፐርቫይዘር ሆንኩ። «ሃው አር ዩ?»

«ፋይን» አሉ፣ ሳያስቡት። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እትዬ አስካለ በደህናው ትከሻ በኩል ጎሸም አድርገው «እንደገና!» አሉ። ደጋግመን ደጋግመን፣ በመጨረሻ «ሾልደር» የሚለው ቃል ከአፋቸው ወጣ።

በሳምንቱ ጋሼ ገና ከበር ላይ «ነገርኩት፣ ቲቸር!» አሉ። ሐኪም አይቷቸው ካርቶን ከመጫን ወደ ስካን፣ የዕቃ ኮድ በመሣሪያ ወደ ማንበብ ሥራ ተዛውረዋል፤ ሺፍታቸውም አልተነካም።

«እትዬስ?» አልኳቸው።

«እሷማ በየማታው ቅባት ይዛ ትጠይቀኛለች። ፋይን ማለት ተከልክያለሁ።»

እትዬ አስካለ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። እኔም ደስ ብሎኝ እንባዬ መጣ።

ለአዳዲስ አስተማሪዎች የምለው ይህን ብቻ ነው፤ ተማሪያችሁ ትክክለኛ ዓረፍተ ነገር ሲሠራ፣ ከማጨብጨባችሁ በፊት ምን እንዳለ ስሙት።