ባዶ ያልሆነው ቁጥር

ትናንት የልጅ ልጄ በትንሿ ሰሌዳዋ ላይ ስትሞነጫጭር የጠመኔው ብናኝ አፍንጫዬ ገባና አስነጠሰኝ። ወዲያው ሳቅ መጣብኝ። «አያቴ፣ ዋት ኢዝ ፈኒ?» አለችኝ። ለሷ ገና ነው፤ ላንተ ግን ልንገርህ።

በደርግ ጊዜ ነው። ከእናቴ ጋር ከአገር ወጥተን ናይሮቢ ገና መግባታችን ነበር። እንግሊዝኛዬ ደካማ ስለሆነ ርእሰ መምህሯ አንድ ክፍል ዝቅ ልታደርገኝ ወሰነች። የሒሳብ አስተማሪያችን አዘነልኝ። ሰሌዳው ላይ 73939133 ብሎ ጻፈና «ይህ ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ከአንድና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የለም። ሌላም ምስጢር አለው። ካገኘሽው ለክፍሉ ታስረጃለሽ፤ ርእሰ መምህሯም ትሰማሻለች» አለኝ።

ሳካፍል ሰነበትኩ። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ የኋለኞቹን አሃዞች በአውራ ጣቴ ሸፍኜ 7393ን ብቻ ሞከርኩ። አልካፈል አለ። 739ም እምቢ፣ 73ም እምቢ! ከወንበሬ ዘልዬ ተነሳሁ። በእጅ የማይሞከሩትን ትልልቆቹን አስተማሪው አረጋገጠልኝ።

ቀኑ ደረሰ። ርእሰ መምህሯ ከኋላ ተቀመጠች። ቁጥሩን ጻፍኩና በቀኝ ጫፍ ያለችውን ሦስት በመዳፌ አጠፋሁ። 7393913 ቀረ። «ፕራይም» አልኩ፤ ብቸኛ ማለቴ ነው። አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ «ባዶ!» ብላ ጮኸች። ክው አልኩ። ሌላ አሃዝ አጠፋሁ። አሁን ክፍሉ በሙሉ «ባዶ!» አለ። ባዶ ጭንቅላት ያሉኝ መሰለኝ። እንባዬ ቢመጣም እጄ አላቆመም። ባጠፋሁ ቁጥር ጠረጴዛ እየደበደቡ «ባዶ! ባዶ!» ይላሉ። በመጨረሻ ሰባት ብቻዋን ቀረች፤ ክፍሉም በጭብጨባ ተናጋ።

ርእሰ መምህሯ «በቀኙ አሃዝ ብንጨምርበትስ?» ብላ ጠየቀች።

«ኖ» አልኩ። «ይካፈላል። እንዲህ ካሉት ትልቁ ይሄ ነው።»

አስተማሪው በፈገግታ ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲያው እዚሁ ክፍል ትቆይ» አለች ርእሰ መምህሯ።

ያቺ መጀመሪያ የጮኸችው ጓደኛዬ እንባዬን አይታ ደነገጠች። ባዶ በእኛ ቋንቋ ምን ማለት እንደሆነ በምልክትም በቃልም ብዬ አስረዳኋት። አፏን ያዘች። «በኪስዋሂሊ እኮ ‹አሁንም ነው፣ ገና አላለቀም› ማለት ነው! እያበረታታንሽ ነበር!» ተቃቅፈን በሳቅ ፈረስን።

ቤት ስደርስ እናቴ ልብስ እያሰጣች አገኘኋት። ነገሩን ስነግራት እርጥቡን አንሶላ ደረቷ ላይ እንዳቀፈች፣ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ ሳቀች። አባቴ ከታሰረ ወዲህ ስትስቅ ሰምቼ አላውቅም። ግራ ጉንጯ ላይ ስርጉድ እንዳላት እንኳ ረስቼው ኖሯል።

«እስቲ ድገሚልኝ» አለች። ደገምኩላት። ከዚያ ወዲያ እስክታርፍ ድረስ እንግዳ በመጣ ቁጥር «ያንን ንገሪያቸው» ትለኝ ነበር። አሁን ማንም ሳይጠይቀኝ ነው የማወራው።